አምቡላንሱ ደርሷል፤ ሰውየው ግን አልወጣም

ስለ ገጠር አምቡላንስ ሲወራ የሁላችንም ቅሬታ አንድ ነው፤ «ዘገየ»። እውነት ነው፣ ይዘገያል። ግን ዛሬ ደረሰ እንበል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አንድ አይሱዙ፣ ተበላሽቶ መንገድ ዳር የቆመ ሲኖትራክ ሥር ከኋላ ገብቷል። ጋቢናው ተጨምድዷል። ሹፌሩ በሕይወት አለ፤ «እግሬን፣ እግሬን» ይላል። እግሮቹ ከዳሽቦርዱ ሥር ተቀርቅረዋል። የወረዳው አምቡላንስ መብራቱን እያብለጨለጨ መጥቶ ቆመ። የወረደው አንድ ሹፌር ነው። ቀኑ ጥሩ ከሆነ አንዲት ነርስ አብራው አለች። የያዙት ቃሬዛ፣ ፋሻና ጓንት ነው። እሺ፣ አሁንስ?

መልሱን ለመረዳት መጀመሪያ መኪናው ለማን እንደተገዛ ማወቅ ያስፈልጋል። በየወረዳው የምናየው ነጩ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ለመኪና አደጋ ታስቦ አልመጣም። ከአሥር ዓመት በላይ በፊት ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ለየወረዳው አምቡላንስ ሲያከፋፍል ዋናው ሐሳብ ምጥ የያዛትን እናት ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከበደባትም ወደ ሆስፒታል ማድረስ ነበር። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ብዙ እናቶችን አትርፏል። ለዚያ ሥራ ፈጣን መኪና፣ ቃሬዛና አዋላጅ ይበቃል። ብረት ለያዘው ሰው ግን አይበቃም።

መኪናው ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የተዘረፉትና የተቃጠሉት ሲታሰቡ አንድም የሌለበት ወረዳ ነበር። እንግዲህ አስሉት። አደጋው ቦታ ለመድረስ አንድ ሰዓት፣ ሰውየውን ለማውጣት ሌላ ሰዓት፣ ሆስፒታል ለማድረስ ሁለት ሰዓት፣ ለመመለስ ሌላ ሁለት። ወረዳው ግማሽ ቀን ያለ አምቡላንስ ዋለ። በዚህ መሐል ከአንዱ ቀበሌ «ምጡ ጠናባት» የሚል ስልክ ይመጣል። ማን ይቅደም? ይህን የሚወስን የጥሪ ማዕከል ገጠር ላይ እምብዛም የለም። መሪ በአንድ እጁ ይዞ ከጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊው ጋር በስልክ የሚጨቃጨቀው ሹፌር ነው የሚወስነው። ከባዱ ነገር ምንድነው ብትሉኝ ከገደሉም ከብረቱም በፊት ይህን ነው የምጠራው። የተቀሩት ችግሮች ሁሉ እዚህ ላይ የሚደረቡ ናቸው።

«የት ናችሁ?»

ቀይ መስቀል 907 አለው። ገጠር ላይ ግን ሰው የሚደውለው ለሚያውቀው ነው፤ ለቀበሌ ሊቀ መንበሩ፣ ለጤና ኤክስቴንሽኗ ወይም በቀጥታ ለአምቡላንሱ ሹፌር በግል ስልኩ። ስልኩ ከተዘጋ አምቡላንሱም ተዘጋ ማለት ነው። ደዋዩ መንገደኛ ከሆነ ደግሞ የቆመበትን አያውቅም። «አባይ በረሃ ውስጥ ነን» ይላል። አባይ በረሃ ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ጥምዝምዝ ቁልቁለትና ዳገት ነው። ከወንዙ ወዲህ ኦሮሚያ፣ ከወንዙ ወዲያ አማራ። የቱ ወረዳ ይምጣ? ሁለቱም «የነሱ ነው» ካሉ ማንም አይመጣም።

ስለዚህ የምትደውሉ ሰዎች፣ እባካችሁ፣ ከጩኸቱ በፊት ያለፋችሁትን ከተማና የምትሄዱበትን አቅጣጫ ተናገሩ። የመንገድ ዳር የኪሎ ሜትር ድንጋይ ካያችሁ ቁጥሩን አንብቡ። ከዚያ ደግሞ አንድ ጥያቄ መልሱ፤ መኪናው ውስጥ የተያዘ ሰው አለ ወይስ ሁሉም ወጥቷል? ሹፌሩ ብቻውን ይምጣ ወይስ መንገድ ላይ ሰውና መሣሪያ ይልቀም የሚለው በዚህ መልስ ይወሰናል።

ታኮና ቅጠል

ከደረሱ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ተጎጂውን መንካት አይደለም። ይህ ለተሰበሰበው ሕዝብ ጭካኔ ይመስላል፤ «ሰው እየሞተ ምን ይዞራል?» ይባላል። ግን ሌሊት፣ ኩርባ ላይ፣ ሃምሳ ሰው አስፋልት መሐል ቆሞ እያለ ሌላ ተሳቢ ቁልቁል ከመጣ አደጋው እንደ አዲስ ይጀምራል። ደብረ ሲና አጠገብ ያለው የጣርማ በር ተራራ ላይ ጉም ሲወርድ አሥር ሜትር ፊት ለፊት አይታይም።

የእኛ አገር ማስጠንቀቂያ ድንጋይና ቅጠል ነው። አይናቅም፣ ይሠራል፤ አቀማመጡ ላይ ነው የምንሳሳተው። ቅጠሉን መኪናው አጠገብ መጣል ምንም አይፈይድም። ከኩርባው በፊት፣ ቢያንስ መቶ ሜትር ርቆ፣ በሁለቱም አቅጣጫ መሆን አለበት። ማታ ከሆነ በእጅ ባትሪ የሚያበራ ሰው አብሮ ይቁም። አምቡላንሱ ራሱ በሚመጣው መኪናና በሚሠሩት ሰዎች መካከል ሰያፍ ይቆማል፤ ከተገጨም የሚገጨው ብረት እንጂ ሰው አይሆንም። ሲጨረስ ደግሞ ድንጋዩ ይነሣ! ለሚቀጥለው መኪና አደጋ ትቶ የሚሄድ ሰው ብዛቱ።

ሁለተኛው ሥራ መኪናውን ማስቆም ነው። «ቆሟል እኮ» ትሉ ይሆናል። አልቆመም። ጎማው ላይ ያለ መኪና በስፕሪንጉ ይወዛወዛል፤ በጎኑ የተኛው ደግሞ ሦስት ሰው ሲወጣበት ይገለበጣል። ውስጥ ላለው የተሰበረ ሰው እያንዳንዷ ንቅናቄ ሕመምና ደም ናት። ሞተር ይጥፋ፣ የእጅ ፍሬን ይሳብ፣ ጎማው ሥር ታኮ ይግባ። በጎኑ ለተኛ መኪና በጣሪያው በኩልም በሻንሲው በኩልም ክፍተቱ በጠፍጣፋ ድንጋይና በግንድ ይሞላል። ታኮ በእጅ አይገፋም፤ በሌላ እንጨት ይገፋል። መኪናው ድንገት ቢወርድ እንጨቱ ይሰበር፣ ጣት አይሰበርም። ከዚያ የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ቀድሞ ይነቀላል። ከመነቀሉ በፊት ግን በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መስታወቶች ዝቅ፣ ወንበሮች ወደኋላ ይደረጉ። ባትሪው ከተነቀለ በኋላ የኤሌክትሪክ ወንበር አይንቀሳቀስም።

የተገለበጠው ቦቴ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ጅቡቲ መስመር ላይ የሚሠሩ ያውቁታል። ነዳጅ መሬት ላይ ሲፈስ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ሕዝብ በጀሪካን ይሰለፋል። አንድ ሲጋራ ይበቃል። ሁለት ሰው ሆኖ መቶ ሰው ማራቅ አይቻልም። ስለዚህ የአምቡላንሱ ቡድን ፖሊስ እስኪመጣ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ርቆ መቆም ሊኖርበት ይችላል። የሚሰደበው ያኔ ነው።

አይሱዙ አፍንጫ የለውም

ወደ ሰውየው እንመለስ። የቤት መኪና ከፊት ሲጋጭ የሞተሩ ክፍል እየተጨፈለቀ ከግጭቱ ኃይል የተወሰነውን ይውጣል። አይሱዙ ላይ ሞተሩ ከጋቢናው ሥር ነው። ከፊት ያለው ቆርቆሮና የሹፌሩ ጉልበት ብቻ ነው። እግር ተይዞ የሚቀረው በአብዛኛው ለዚህ ነው።

ሀብታም አገር ላይ ይህን የሚፈታው ብረት የሚፈለቅቅና የሚቆርጥ የሃይድሮሊክ መሣሪያ ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጆርጅ ኸርስት የተባለ አሜሪካዊ የውድድር መኪና ሹፌሮችን ከተጨፈለቀ መኪና ለማውጣት የሠራው ነው። ጣሪያ ያነሣል፣ በር ይነቅላል፣ ዳሽቦርድ ከጉልበት ላይ ገፍቶ ያነሣል። ሙሉው ስብስብ ግን በአሥር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ነው። ጥገና ይፈልጋል፣ የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። እኛ አገር እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያውቁት የትልልቅ ከተማ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ናቸው። አዲስ አበባ ላይ 939 ተደውሎ ይመጣሉ። ደብረ ሲና ላይ ግን አዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ይርቃል።

ታዲያ የገጠሩ መፍትሔ ምንድነው? ካቦ። የአንዱን መኪና ካቦ ጋቢናው ላይ አስሮ በሌላ ከባድ መኪና መጎተት። ብዙ ሰው እንዲህ ወጥቷል። ብዙ ሰውም በዚሁ እግሩን አጥቷል፤ ሲጎተት የሚንቀሳቀሰው የታሰበው ብረት ብቻ ስላልሆነ። ሌላ አማራጭ ጠፍቶ የግድ ከሆነ የተጋጨው መኪና መጀመሪያ ከኋላ ይታሰር ወይም በታኮ ይያዝ። ጉተታው በማርሽ አንድ፣ በጣም በዝግታ ይሁን። አንድ ሰው ዓይኑን ከተጎጂው እግር ላይ ሳይነቅል «ቁም» የማለት ሥልጣን ይኑረው። አንድ ሰው ብቻ! ሃምሳ ሰው «ሳብ! አይ ተው!» የሚልበት ቦታ ላይ ሹፌሩ ማንን ይስማ? ካቦ ከተበጠሰ ደግሞ ሰው ይቆርጣልና ሁሉም ከመስመሩ ይራቅ።

ከጉተታ በፊት ግን ቀላሉን መሞከር። ወንበሩ ወደኋላ ይሄዳል? ብሎኑ ተፈትቶ ይወጣል? በሌላው በር መግባት ይቻላል? አንዳንዴ የተያዘው እግሩ ሳይሆን ጫማው ነው፤ ማሰሪያው ሲቆረጥ እግሩ ይሾልካል። እግሩ በፔዳል ሥር ከተጠመደ ደግሞ ፔዳሉን በገመድ ወደ ጎን መሳብ ነው። አንዱን ጫፍ ፔዳሉ ላይ፣ ሌላውን የሚሠራ በር ላይ አስሮ በሩን ቀስ ብሎ መክፈት። በሩ ጉልበት ይጨምራል። የደህንነት ቀበቶው ተቆርጦም ለዚህ ገመድ ይሆናል። ይህ ሁሉ ብር አይጠይቅም፤ የሚያውቅ ሰው ይጠይቃል እንጂ።

ከከተማው ብየዳ ቤት ግራይንደር ይዞ የሚመጣም አለ። ልቡ ጥሩ ነው፣ ፍንጣሪው ግን ነዳጅ አጠገብ እሳት ነው። የብረት መጋዝ ዘገምተኛ ቢሆንም ይሻላል።

ብረቱ ሲለቅ

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይመጣል። አንድ እግር ለሰዓታት በከባድ ነገር ተጨፍልቆ ከቆየ ጡንቻው ይሞታል። የሞተው ጡንቻ ፖታሲየምና ሌላ መርዝ ያጠራቅማል። ብረቱ እግሩን ተጭኖ ሳለ ያ ሁሉ እዚያው ነው። ብረቱ ሲነሣና ደሙ ሲመለስ መርዙ በአንድ ጊዜ ወደ ልብ ይሄዳል። ለሰዓታት ሲያወራ የቆየው ሰው በወጣ በደቂቃዎች ውስጥ ልቡ ሊቆም ይችላል። ሕዝቡ እልል ብሎ ሳይጨርስ። ከተረፈም በቀጣዮቹ ቀናት ኩላሊቱ ሊደክም ይችላል።

መከላከያው ከማውጣት በፊት በደም ሥር ግሉኮስ ሳይሆን የጨው ውኃ፣ ማለትም ኖርማል ሳላይን፣ መስጠት ነው። ይህን የሚሠራ ባለሙያ ያስፈልጋል። አምቡላንሱ ላይ ሹፌር ብቻ ካለ አይሆንም። «ነርስ ካልመጣች አልሄድም» የሚል ሹፌር ሲሰደብ የምሰማ ከሆነ ከሱ ጋር ነኝ።

ገና ተይዞ ሳለ ደም እየፈሰሰው ከሆነ ግን ምንም አይጠበቅም። መዳፍ ጭኖ በኃይል መጫን፤ ካልቆመ ከቁስሉ ከፍ ብሎ ማሰር። ቱርኒኬት፣ ማለትም ደም ማቆሚያ ማሰሪያ፣ ከሌለ ነጠላ ወይም ሻሽ በሦስት ጣት ስፋት አጥፎ፣ እንጨት አስገብቶ ደሙ እስኪቆም መጠምዘዝ። ሽቦና ሲባጎ አይሆንም፣ ሥጋ ይቆርጣል። የታሰረበት ሰዓት ይጻፍ፤ ወረቀት ከሌለ ግንባሩ ላይ። ውኃም አይሰጠው። እኛ ለተጎዳ ሰው ውኃ ማቅረብ እንወዳለን፤ ቀዶ ሕክምና ለሚጠብቀው ሰው ግን ውኃው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ይልቅ ጋቢ አልብሱት። የደጋ ሌሊት ደም ለፈሰሰው ሰው ገዳይ ነው፤ ሰውነት ሲቀዘቅዝ ደም አይረጋም።

ስለ አንገትስ? ለረጅም ዓመታት ትምህርቱ «አንገቱ ሳይታሰር ንክች እንዳታደርጉት» ነበር። በቅርብ ዓመታት እንግሊዝ አገር የተሠሩ ጥናቶች ይህን ሐሳብ አላልተውታል። ጤነኛ ሰዎች ላይ መለኪያ ተገጥሞ ሲታይ አከርካሪን በጣም ያንቀሳቀሰው የአዳኞቹ ዘዴ ነበር። በትንሹ ያንቀሳቀሰው ደግሞ ሰውየው በራሱ ቀስ ብሎ ሲወጣ ነው። መኪና ውስጥ ከተያዙት ሰዎች መካከል የሕብለ ሰረሰር ጉዳት የተገኘባቸው ከመቶ አንድ እንኳ አልሞሉም፤ በደም መፍሰስና በደረት ጉዳት የሚሞተው ይበልጣል። ይህ ለገጠር ቡድን ትልቅ እፎይታ ነው። ነቅቶ ትእዛዝ የሚሰማ፣ እግሩ ያልተያዘና መቆም የሚችል ሰው «ቀስ ብለህ ውጣ፣ እደግፍሃለሁ» ይባላል። ይህ ማለት ግን እንደ ጆንያ እጅና እግሩን ይዞ መወርወር ማለት አይደለም።

ዝም ያለው መኪና

መንግሥት በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ከከተማም እየወጣ ነው። ድምፅ ስለሌለው ጠፍቷል ብለው ሲቀርቡት ሊንቀሳቀስ ይችላል። ስለዚህ ማርሹ ፓርክ ላይ ይሁን፣ ይጥፋ፣ ቁልፉም ርቆ ይቀመጥ። ብርቱካናማ ወፍራም ገመድ አይቆረጥም፣ አይነካም፤ ከፍተኛ ኃይል ያለበት እሱ ነው። ባትሪው ከተያያዘ ማጥፊያው በሺዎች፣ አንዳንዴም በአሥር ሺዎች ሊትር የሚቆጠር ውኃ ነው። ጠፋ ከተባለ በኋላም ከሰዓታት ቆይቶ ሊነሣ ይችላል። ገጠር ላይ ያን ያህል ውኃ የሚያመጣ መኪና የለም። ስለዚህ ሰው ካወጡ በኋላ መራቅና እንዲቃጠል መተው ነው።

ያልፈነዳ ኤርባግ፣ ማለትም በግጭት ጊዜ የሚነፋው የአየር ከረጢትም አለ። ባትሪ ተነቅሎም ለደቂቃዎች ኃይል ይይዛል። በመሪውና በተጎጂው መካከል ራስን አስገብቶ መሥራት አይገባም።

ወዴት?

ሰውየው ወጣ። አሁን ሌላ ውሳኔ አለ። ጤና ጣቢያው ቅርብ ነው፣ ሆድ ውስጥ የሚፈስ ደም ግን አያቆምም። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሉ ቀዶ ሕክምና ሊኖረው ይችላል፤ ዛሬ ባለሙያው አለ ወይ? ደምስ አለ? አጠቃላይ ሆስፒታሉ ሁሉም አለው፣ ግን ሁለት ሰዓት ነው። ሳይደውሉ መሄድ ሰውየውን ከበር ወደ በር ማንከራተት ነው። ተጎጂዎች ብዙ ከሆኑ ደግሞ መጀመሪያ የሚታየው የሚጮኸው አይደለም፣ ዝም ያለው ነው። የሚጮህ ሰው ቢያንስ ይተነፍሳል።

ገንዘብ ሰበብ አይሁን። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 የመኪና አደጋ ተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት ሰጥቶታል። ገጭቶ ያመለጠው መኪና ባይታወቅ እንኳ የመድን ፈንድ አለ። በር ላይ «ማን ይከፍላል?» የሚል ጥያቄ ሲነሣ ይህን የሚያውቅ የአምቡላንስ ሹፌር ብዙ ደቂቃ ያተርፋል።

ቀድሞ የሚደርሰው ሰው

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከመቶ ዘጠናው በላይ በእኛ ዓይነት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸው አገሮች ውስጥ ነው። ለኢትዮጵያ የሚገምተው ቁጥር ደግሞ ፖሊስ ከሚመዘግበው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለዚህ አንዱ ምክንያት ከቀናት በኋላ ሆስፒታል ወይም ቤቱ የሚሞተው ሰው ወደ ፖሊስ መዝገብ ላይመለስ መቻሉ ነው።

ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 በሲዳማ ክልል ቦና ዙሪያ ወረዳ፣ የሰርግ ታዳሚዎችን የጫነ የጭነት መኪና ገላና ድልድይ ላይ ወንዝ ውስጥ ገብቶ 71 ሰዎች ሞቱ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ማንኛውም አምቡላንስ ሁለተኛ ነው። አንደኛው ምንጊዜም የአካባቢው ሰው ነው፤ ገበሬው፣ እረኛው፣ አላፊው ሹፌርና ረዳቱ።

ስለዚህ ለየወረዳው የሃይድሮሊክ መቁረጫ ይገዛ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ከሁለት ዓመት በኋላ መጋዘን ውስጥ አቧራ ለብሶ እናገኘዋለን። ቁልቁለት ባለባቸውና አደጋ በሚደጋገምባቸው መስመሮች ላይ፣ እንደ ጣርማ በርና አባይ በረሃ ባሉት፣ አንድ አንድ ስብስብ ከሠለጠነ ቡድን ጋር ማስቀመጥ ያዋጣል። ለቀሪው ወረዳ ግን አምቡላንሱ ውስጥ አራት ታኮ፣ ጥሩ ካቦ፣ የብረት መጋዝ፣ ቀበቶ መቁረጫ፣ ሁለት የራስ ባትሪ፣ ቱርኒኬትና ሳላይን ይኑር። የመስመሩ ሹፌሮችና ረዳቶች ደም ማቆምና መኪና ማስቆም ይማሩ። የአምቡላንሱ ሹፌር ስልክ ላይ የቅርቡ ጋራዥ፣ የክሬን ባለቤትና የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ቁጥር ከአደጋው በፊት ይመዝገብ። ጎረቤት ወረዳዎች ደግሞ አንዱ መኪና አደጋ ላይ ሲውል የሌላው ለወላዶቹ እንዲሸፍን ይፈራረሙ። ከወንዝ ማዶ ያለው ክልል ሌላ ቢሆንም እንኳ።